ሠርገኛውን ቁጭ ያሰኘ በር

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ብቅ ስል የቲነር ሽታ አፍንጫዬን መታው። ልጄ ያገለገለች ማኪና ገዝቶ፣ የቀድሞ ባለቤቷ ያበላሸውን ቀለም ራሴ አስተካክላለሁ ብሎ በሯን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። እኔ ፈሪ ነኝ። መጀመሪያ የታየኝ ጓሮ የጣድሁበት የከሰል ምድጃ ነው፤ ቲነሩና ከሰሉ ተገናኝተው ሰፈራችን ፀዳ በሙሉ ስትነድ። ሮጬ ከሰሉ ላይ ውኃ ደፋሁበት። ቀጥሎ ደግሞ ማኪናዋ አልቃለት፣ ልጄ ሰው ጭኖ ኮላ ድባ ሲመላለስ፣ እኔ ሲመሽ በር በሩን ሳይ ታየኝ። ይኸን ሁሉ ፈርቼ ስጨርስ ነው ሽታው ወደ ልጅነቴ ይዞኝ የሄደው። በልጅነቴ እንዲያ የሚሸት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጎረቤታችን አያ ሰይድ።

ያኔ የምንኖር ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ነው። የኛን ግቢ ከአያ ሰይድ ግቢ የሚለየው የዛገ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ ነበረች። አራተኛ ክፍል ደርሼ ትምህርት እስካቆም ድረስ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ በዚያች ቀዳዳ ያየሁት ይበልጣል። አያ ሰይድ የማኪና ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ ቀቢ መባሉን ግን አይወዱትም። «ቀቢማ ግድግዳ የሚቀባው ነው። እኔ ሌላው ገድሎ ያመጣውን ነው የማስነሳ» ይሉ ነበር። እውነትም ደጃቸው የሚሰለፈው ሁሉ በሌላ እጅ የተበላሸ ነው፤ ቀለሙ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተኮማተረ ኮፈን፣ ቀለሙ እንደ ሻማ እየተንጠባጠበ የደረቀ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ፣ ብረቱ እስኪታይ የተፈገፈገ በር።

ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፣ ጺማቸው በሂና የቀላ። ሰማያዊ ቱታቸው ላይ በከተማው ያለ ማኪና ሁሉ ቀለም ጠብ ብሎበታል፤ የማን ታክሲ በፊት ምን መልክ እንደነበረው የረሳ ሰው ቱታቸውን ያይ ነበር። ሥራ ሲጀምሩ ከሴት የነጠላ ጫፍ ይለምናሉ። ነጠላውን በመዳፋቸውና በማኪናው መሀል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በሩን ይዳብሱታል። በባዶ እጅ የማይታወቅ ጉርብጥብጥ በነጠላ ሲዳሰስ ይታወቃል ይላሉ። መንገደኛ ሴት ሳትቀር ቆማ ጫፏን ትሰጣቸው ነበር፤ ማኪናው ታሞ እሷ የምታስታምም ይመስል ፊቷን አጥቁራ። ሲጨርሱ ደግሞ በሩ ላይ የጺማቸውን ፀጉር አንድ በአንድ ካላዩ ማኪና አይለቁም።

ኩራታቸውስ! ሰው እያነጋገሩ ቆመው የሠሩት ማኪና ካለፈ ወሬው ይቆረጣል። «የኔ ናት» ይላሉ፣ እስክትታጠፍ በዓይናቸው ይሸኟታል፣ ከዚያ ነው ወደ ወሬው የሚመለሱት። አንዴ የሰው ቀብር ላይ እንዲህ ብለው ሸሁ ተቆጥተዋቸዋል።

አባቴ ታደሰ የአቶ በሪሁን ሾፌር ነበር። አቶ በሪሁን እህል ነጋዴ ናቸው፤ አንዲት ነጭ ፔዦ ነበረቻቸው፣ ከልጆቻቸው ለይተው የማያዩዋት። ከአባቴ በፊት የነበረውን ሾፌር መስታወት ሰነጠቀ ብለው የዚያኑ ዕለት ነው ያሰናበቱት። እኛ አምስት ልጆች የምንበላው ከዚያች ማኪና መሪ ነው። ከጥምቀት ወዲያ፣ የሠርግ ሰሞን፣ አቶ በሪሁን ፔዦዋን ለአባቴ ትተው በጭነት ማኪና ለንግድ መተማ ወረዱ። ዓርብ ተመልሰው እሑድ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ፣ ሙሽሪትም በፔዦዋ ልትሄድ ተቆርጧል።

ሰኞ ዕለት አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ ሸክላ የጫነች አህያ እሸሻለሁ ብሎ የማኪናዋን የኋላ በር ከድንጋይ ካብ ጋር አፋተገው። አህያዋ ምንም አልሆነችም፤ ከጫነችው እንስራ አንዱ እንኳ አልተሰነጠቀም። አባቴ ይኸን ዕድሜውን ሙሉ በቅሬታ ሲያወራው ኖረ።

ጭረቱ የጣት ያህል ነበር። አባቴ ለማንም ሳይተነፍስ ከአናጢ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ተውሶ ሲፈትግ ዋለ፤ ሲጨርስ ጭረቱ ሰፌድ አከለ። ከዚያ ከመስኮታችን የተረፈውን የዘይት ቀለም ከአልጋ ሥር አወጣ።

«ምነው፣ ቀለሙ አንድ አይደለም እኮ» አለችው እናቴ።

«ነጭ ነጭ ነው» አለና በቡርሽ ለቀለቀው።

ሲደርቅ ጉድ ፈላ። የማኪናዋ ነጭ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ነጠላ የሰከነ ነው፤ የመስኮታችን ነጭ ይጮሃል። ከሩቅ ሲያዩዋት ፔዦዋ አንድ ጥርስ ያበቀለች ትመስል ነበር። የቡርሹ ፀጉር ተጣብቆበታል፣ አንዲት ዝንብም ክንፏን እንደዘረጋች እዚያው ደርቃ ቀርታለች።

ሐሙስ በጠዋት አባቴ ማኪናዋን አያ ሰይድ ግቢ አስገባት። እኔ ቀዳዳዬ ጋ ነኝ። አያ ሰይድ በሩ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብዙ ቆሙ።

«ማን ገደላት?»

«እንዲህ ሆና ነው የመጣች» አለ አባቴ መሬት መሬቱን እያየ።

«ዝንቧም አብራ መጣች?»

አባቴ ዝንቧን በጥፍሩ ሊያነሳት ሞከረ።

«ታደሰ፣ ሐኪም ፊት አይዋሽም። ማን ነው?»

«እኔው ነኝ አያ ሰይድ። ነገ እኮ ሰውየው ይገባሉ። እኒያን ልጆች ይዤ የት ልግባ? እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

አባቴ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፍርሃቴ ከዚያን ዕለት ጀመረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አያ ሰይድ አባቴን በክንዱ ያዙና «መውደቁን ተውና ሚስትህን ጥራት፣ ነጠላዋን ይዛ» አሉት። በእናቴ ነጠላ በሩን ሲዳብሱ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ያቃስቱ ነበር። የአባቴን ቀለም በቲነር ገሸለጡት፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞሉት፣ በውኃ እየነከሩ በደቃቅ ወረቀት አለሰለሱት። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሁሉ ነገር ቀለሙን በመርጫ ለመንፋት ዝግጁ ሆነ። መሬቱን ውኃ አርከፈከፉ፣ ዶሮዎቹን አስዘጉ፣ መንደሩ እንዳይጠርግ አወጁ።

አንድ ነገር ግን በእጃቸው አልነበረም። ከአያ ሰይድ ግቢ በወዲያኛው በኩል የምትጎራበት እትዬ አበራሽ በዚያው ዕለት ልጇን ትድር ነበር። ዳሱ ሞልቷል፣ ማሲንቆው ይጮሃል፣ ሚዜዎቹ መሬቱን ሲረግጡት አቧራው በአጥሩ ላይ እንደ ጭስ እየተነሳ ወደኛ ይመጣል። አያ ሰይድ በሩን አዩ፣ አቧራውን አዩ፣ ቱታቸውን እንደለበሱ ሠርግ ቤት ገቡ። እኛ ልጆች ተከተልናቸው።

«ደስ ይበላችሁ!» አሉ ዳሱ መሀል ቆመው። ማሲንቆው ዝም አለ። «የልጁን ትዳር አላህ ያቅናው። እንግዲህ ቁጭ በሉና ጨፍሩ።»

«ምነው አያ ሰይድ፣ ለቅሶ መሰለዎ?» አለች እትዬ አበራሽ።

«አበራሽ፣ ማዶ ቤት አምስት ልጅ ጦሙን እንዳያድር ነው የምለምንሽ። ቀለም ልነፋ ነው፤ አቧራ ካረፈበት ታደሰ ከሥራው ወጣ።»

«እና ሙሽራው ቆሞ ካልተጨፈረለት ምኑን ሠርግ ሆነ?»

አያ ሰይድ ወደ ሚዜዎቹ ዞሩ። «የጎንደር ሰው የሚጨፍረው በትከሻው ነው ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁ። ለካ በእግር ነው! እግርማ አህያም አላት።»

ይኸን ጊዜ ዋናው ሚዜ ደሙ ፈላ። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ትከሻውን ሰበቀው። ሌላውም ተቀመጠ፣ አማቾቹም፣ ቄሰ ገበዙም ተቀምጠው ነበርና እንደተቀመጡ ቀሩ። አዝማሪው ወዲያው ያዘው፦

«እግራችን ይረፍ፣ ትከሻ ይበቃል፣
የአያ ሰይድ በር ሳይደርቅ ማን ይነሳል!»

ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ጭፈራ በሕይወቴ አላየሁም። ሰው ከወገቡ በታች ለቅሶ፣ ከወገቡ በላይ ሠርግ ሆነ። አግዳሚው ይንቋቋል፣ አንገት ይሰበቃል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ አንድም ጫማ ከመሬት አይነሳም። አንዲት አክስት ስሜት አሸንፏት ብድግ ስትል ዳሱ በሙሉ «አቧራ!» ብሎ ጮኸባትና ደንግጣ የሰው ጭን ላይ ተቀመጠች።

በወዲህ በኩል አያ ሰይድ ትንፋሻቸውን ይዘው ነፉ። ቀለሙ ፀሐይ ላይ ቶሎ ደረቀ። ከዚያ ጎንበስ አሉ፣ ጺማቸውን አዩ፣ አገጫቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙረው ደግመው አዩት። «ፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንዲህ ነበረች» አሉ።

አባቴ ሊስማቸው ሲል እናቴ አፏን በመዳፏ ከደነች።

«አያ ሰይድ፣ ሸጋ ነው። ግን ጭራሽ ተጋለጥን እኮ። ማኪናዋ አሮጊት፣ በሯ ሙሽራ! ዕውር ካልሆኑ ያዩታል።»

ሁላችንም አየን። እውነቷን ነው። በሩ እንደ ጨረቃ ያበራል፣ የቀረው ማኪና አጠገቡ አመድ መስሏል። ሁሉን ለማስተካከል ቀን የለም።

«እና ምን ላድርግ?» አሉ አያ ሰይድ፣ ገብቷቸው ሳለ።

«ያደብዝዙት።»

«በገዛ እጄ? ሴትዮ፣ ጺሜን ላጨው በይኝ።» ማኪናዋን ዞሯት። እንደገና ዞሯት። እኛን አምስታችንን በር ላይ ተደርድረን አዩን፣ ትንሹ ወንድሜ አፍንጫው ተዝረክርኮ። ከዚያ ነጩ ውስጥ ጠብታ ቢጫና ቅንጣት ጥቁር ጨመሩ፣ በቀጭኑ ነፉት፣ ሲደርቅ ፊታቸውን ወዲያ አዙረው በደቃቁ ወረቀት አሹት። ጺማቸው ከበሩ ላይ ጠፋ። አሁንም ግን በሩ ከማኪናዋ ይልቅ የጸዳ መሰላቸው መሰለኝ፣ አጥሩ ጋ ሄደው እንደ ቁራ ጮኹ፦

«ተነሱ! ተነሱና ጨፍሩ! አቧራ ላኩልኝ!»

ሠርገኛው በአንድ እግር ተነሳ። ያ ሁሉ ታፍኖ የዋለ እግር ሲወርድ የመጣው አቧራ ሰው ከሰው አያስለይም። ፔዦዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መልክ ሆነች።

በማግስቱ አቶ በሪሁን ገቡ። ገና ከመንገድ ሳያርፉ ፔዦዋን ዞሩ፤ መብራቷን፣ መስታወቷን፣ በሮቿን። የኋላው በር ጋ ሲደርሱ አባቴ የጎማ ነፋስ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ። እሳቸው ጣታቸውን በበሩ ላይ አሻሽተው አቧራውን አዩና «ታደሰ፣ እጠባት እንጂ» አሉ። አባቴ ሲያጥባትም የደበዘዘው በር ከቀረው አልተለየም።

እሑድ ሙሽሪትን የያዘችው ፔዦ በአበባ ተሸልማ፣ ክላክስ እየነፋች በሰፈራችን ስታልፍ ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ። አያ ሰይድም ወጡ። ስትቀርብ ግን ወደ ግድግዳው ዞሩና የቱታቸውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ።

አያ ሰይድ የሞቱት እኔ አግብቼ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ነው። ለሐዘን ስንቀመጥ ወንዶቹ በሠሯቸው ማኪናዎች ያስታውሷቸው ነበር። አንዱ አውቶቡሱን ያነሳል፣ ሌላው የልጅነት ታክሲውን፣ ሌላው እሳት በልቶት እንደ አዲስ የወጣውን አይሱዙ። አባቴ ከአቶ በሪሁን አጠገብ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ሸብተዋል፣ አባቴ ጡረታው እስኪደርስ ከእጃቸው አልወጣም፣ አምስታችንም በዚያው አድገን ጎጆ ወጥተናል።

አቶ በሪሁን ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አየህ ታደሰ፣ ያን ያህል ዘመን አንድ ከተማ ኖረን፣ ለኔ አንድ ነገር እንኳ ሳይሠሩልኝ ሄዱ። ይቆጨኛል።»

አባቴን ሳል ያዘው። ውኃ ሰጡት፣ ጀርባውን መቱት። ዕንባው እየወረደ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ቆየ፤ ከዚያ «ይቆጫል፣ በውነት ይቆጫል» አለ።