የጀሚል ግመል አራተኛ እግር

ግመል የሌለው ሰው ለግመል እግር ብሎ እንዴት እንቅልፍ ያጣል? ብዙ ሰው ጀሚልን ይህን ጠይቆታል፤ መልስ ያገኘ ግን የለም። ከተወለደ ጀምሮ የምታውቀው እኅቱ መይሙና እንኳ፣ "እኔ ምን አውቄ! ራሱን ጠይቁት" ብላ ነው የምትሸኘው።

ጀሚል ቆቦ ውስጥ ስልክ ይጠግናል፤ ድረ ገጽም ይሠራል። ቢሮው የመይሙና የበርበሬ መጋዘን ነው። ላፕቶፑን ኩንታል ላይ አስቀምጦ እየጻፈ ያስነጥሳል፤ እያስነጠሰ ይጽፋል። በርበሬ ገዢ ሲመጣ መይሙና ላፕቶፑን አንሥታ ሽንኩርት ላይ ትጥለዋለች።

"አንተ ልጅ፣ ካልወጣህልኝ በርበሬዬ በንፍጥህ ሊሻግት ነው!" ትለዋለች።

መውጫው የተገኘው ከከብት ገበያ ነው። ነጋዴዎቹ በገበያው በር ላይ አንዲት ባዶ የቆርቆሮ ሱቅ አለቻቸው። አስተባባሪያቸው ሐጂ ሙህዲን፣ የቆቦን፣ የጎብዬን፣ የሮቢትንና የዋጃን ዋጋ በየገበያው ቀን ለሕዝብ ለሚያሳውቅ ሰው ሱቋን በነፃ እንሰጣለን አሉ። ሁለት ሰው ቀረበ። አንደኛው ዘካሪያስ ነው፤ እሱ ድምፅ ማጉያ አለው። ሌላው ጀሚል።

ጀሚል አንድ ወር ሙሉ ድረ ገጹን ሲሠራ ከረመ። ዋጋው እየተንሸራተተ ይመጣል፤ የከተማውን ስም ሲነኩት ይዘረጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ግመል ከገጹ ጥግ እስከ ጥግ ትራመዳለች። እሷን ለመሣል ብቻ ስምንት ቀን ፈጅቶበታል። ጉልበቷ ሲታጠፍ አይቶ ብቻውን የሳቀበት ጊዜ አለ።

ገበያው አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ሐጂ ሙህዲን ሮጠ። ሐጂ በረታቸው በር ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡና ገጹን ከፈቱ። ነጭ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ተጽፋለች፦ "እባክዎ መጀመሪያ ስክሪፕት ያብሩ።"

"ይህ ምንድን ነው ጀሚል?"

"ስክሪፕቱ ተዘግቶ ነው ሐጂ። ያምጡት፣ ላብራልዎ።"

"ማን ዘጋው?"

የዘጋው ራሱ ጀሚል ነበር። ባለፈው ዓመት ነጋዴው ሁሉ "ስልኬ ካርድ በላብኝ" እያለ ሲጎርፍበት፣ የመቶ ሰው ያህል ስልክ እየተቀበለ ስክሪፕት የሚባለውን፣ ድረ ገጽን የሚያንቀሳቅሰውን ትእዛዝ ሲዘጋ ከርሟል። ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ሲሰለቸው ደግሞ፣ "ስክሪፕት ማለት ካርድ የሚበላ ጅብ ነው፤ አስሬላችኋለሁ፤ ማንም ፍቱት ቢላችሁ እንዳትፈቱ" ብሎ ነበር።

"ጅቡን ፍታው ነው የምትለኝ?" አሉ ሐጂ፣ ስልኩን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው።

"ይህኛው እንኳ ለማዳ ነው ሐጂ።"

"ለማዳ ጅብ! ወላሂ ዘንድሮ የማንሰማው የለም!"

በዚህ መሐል ከቆላ ግመል እየነዳ የመጣ አንድ የአፋር ነጋዴ ደረሰ። እጅ ተሳሳሙ። ሰውዬው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ዱላውን ተደግፎ ወሬውን ዘረገፈው፤ የት እንደዘነበ፣ የት ሣር እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ግመል የት ስንት እንደዋለ። ይህን ዳጉ ይሉታል፤ መንገደኞች ሲገናኙ ሌላው ነገር ሁሉ ቆይቶ ወሬ ይቀድማል። ሐጂ አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ ጀሚል ዞሩ።

"አየኸው? ወሬውን በአፉ ይዞ መጣ። ያንተ ገጽ ግን ባዶውን መጥቶ፣ 'ቆዩ፣ ዋጋውን የሚያመጣ ሌላ ሰው ልላክ፤ እስከዚያ ጅቡን ፍቱልኝ' ይለኛል" አሉና ወደ አፋሩ ነጋዴ ዞረው፣ "እንዲህ ያለ መንገደኛ አይተህ ታውቃለህ?" ሲሉ ጠየቁት።

"ኧረ እኔስ አላየሁም" አለ ሰውዬው፣ ጀሚልን ከእግር እስከ ራሱ እያየው።

"እንግዲያው ነገ ጠዋት ጅቡ እንደታሰረ ዋጋውን ካላየሁ፣ የሱቋ ቁልፍ የዘካሪያስ ነው።"

ጀሚል ወደ ቤት ሲመለስ ዘካሪያስ አስፋልቱ ዳር ጠበቀው። "ጀሚል! በርበሬው እንዴት ይዞሃል?" አለው በድምፅ ማጉያው። መንገዱ ሁሉ ሰማ።

ጀሚል መጋዘኑን ዘግቶ ሲያስነጥስ አደረ። ሐጂ ሳያውቁት መድኃኒቱን ነግረውታል። እስከዚያ ቀን ገጹ ባዶውን ይመጣና ዋጋውን ሄዶ የሚያመጣለት ስክሪፕት ነበር። አሁን ገጹ ገና ከመነሻው ዋጋውን ተሸክሞ እንዲመጣ አደረገው፤ ተራ ጽሑፍ፣ ተራ ሠንጠረዥ። ሲነኩት ይዘረጋ የነበረውን ሁሉ ዘርግቶ ተወው። ከየገበያው ዋጋ የሚልክለት ነጋዴም ባዶውን ቦታ ሞልቶ "ላክ" የሚለውን መጫን ብቻ ይበቃዋል። ስክሪፕት ለበራለት ጌጡን ይጨምርለታል፤ ላልበራለትም ዋጋው አይጎድልበትም። "እባክዎ ያብሩ" የምትለውን መስመር አጥፍቶ "እንኳን ደህና መጡ፤ የዛሬ ዋጋ ይኸው" ብሎ ጻፈ።

ግመሏን ግን ሊያጠፋት እጁ እንቢ አለው። ስክሪፕት ከሌለ አትራመድም፤ ብትቆምስ ማንን ትጎዳለች ብሎ ተዋት።

ጠዋት ነጋዴዎቹ ሐጂን ከበቡ። ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው ስልኩን ነኩ። ዋጋው ወዲያው ተደረደረ። የጎብዬን ወይፈን፣ የዋጃን ፍየል እያሉ ጮክ ብለው አነበቡ።

"ጅቡስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"እንደታሰረ ነው!" አሉና ቁልፉን ጀሚል መዳፍ ላይ አኖሩ። ዘካሪያስ ሲከፋው አይተው ደግሞ፣ "አብሽር፤ አንተም በሩ ላይ ቆመህ ስልክ ለሌለው ከገጹ እያነበብህ ታሰማለህ" አሉት።

ጀሚል "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ሊሄድ ሲል ሐጂ ክንዱን ያዙት።

"ቆይ እንጂ። ያቺ አንካሳ ግመል ስንት ትባላለች?"

"የቷ አንካሳ?"

አሳዩት። ግመሏ ሦስት እግሯ መሬት ላይ፣ አራተኛው አየር ላይ እንደታጠፈ ቀርታለች።

"አንካሳ አይደለችም ሐጂ፤ ልትራመድ ስትል ነው።"

"ከጠዋት ጀምሮ ልትራመድ ስትል? እውነቱን ንገረኝ፤ ምን መታት?"

ሱቋን ጠርጎ ሳይጨርስ ሰዉ በሩ ላይ ተሰለፈ። አንዱ ለእርድ ፈለጋት። አንዱ ወጌሻ ነኝ፣ ላሽላት አለ። አንድ የጎብዬ ገበሬ ገመድ ይዞ መጥቶ የት እንደታሰረች ጠየቀ። ዘካሪያስ ጀሚልን ሊረዳ ብሎ "ግመሏ አትሸጥም!" እያለ ሲለፍፍ ፈላጊው ጭራሽ በዛ፤ የማትሸጥ ከሆነ አንድ ነገር ቢኖራት ነው ተባለ።

መይሙና መጥታ በሰልፉ መሐል ተጋፍታ ገባች። "ይኸው ወጣህልኝ። አሁን ተኛ፤ ዓይንህ እኮ የኔን በርበሬ መስሏል።"

"እግሯን ሳላወርድማ እንዴት እተኛለሁ?"

ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አራቱም እግሯ መሬት የረገጠ ግመል ሣለ፤ ግመሏ ለማትራመድበት ስልክ እሷ እንድትታይ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ የሐጂ መልእክት መጣ፦ "ድናለች። ዋጋዋን ጨምር።"

ጀሚል ይህን አነበበ። ለማስነጠስ አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤ አልመጣም። ላፕቶፑን ተንተርሶ፣ ዘካሪያስ ደጃፉ ላይ "አትሸጥም!" እያለ ሲጮኽ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።