ሊቀመንበሩ እና የእኔዋ እንቁራሪት

በደርግ ጊዜ ነው፣ እሁድ ጠዋት... ፒያሳ ከሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ እንደ ሞተ ዝንብ ድርቅ ብዬ ተቀምጫለሁ።

ሊቀመንበሩ ለሁለት ወር ጥጥ ለቀማ « ወዶ ዘማች » እየመረጡ ነው። የእኔ ሰርግ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል! ድንኳን ሁሉ ተከራይተናል።

ለምን ደረቅክ በሉኝ። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንቁራሪቶቹን የምቀልበው እኔ ነበርኩ። እንቁራሪት የሞቱ ዝንቦች ከበዋት በረሃብ ትሞታለች... አንጎሏ ምግብ ብሎ የሚቆጥረው የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ነው። ያንኑ የሞተ ዝንብ በክር አንጠልጥዬ ሳወዛውዘው ግን ላፍ ታደርገዋለች!

ሊቀመንበሩንም አጥንቻቸዋለሁ። ሁሌ የሚመርጡት ያሳለውን፣ ወደ በሩ የተንፏቀቀውን ነው። ቁርጥ የእኔዋን እንቁራሪት! አብረን ወደ አዳራሹ ስንገባ ይህንን ለእጮኛዬ ለአልማዝ ሹክ ስላት « ስትቀልባቸው አንተም እንቁራሪት ልትሆን ነው! » ብላ ሳቀችብኝ።

ዘዴው ግን ሠራ። ሁለት ጊዜ ዓይናቸው በላዬ አለፈ። ከጎኔ ያስነጠሰው ልብስ ሰፊ ተመዘገበ። በደስታ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ...

« መፈክር! » አሉ በድንገት።

አዳራሹ በሙሉ ግራ እጁን አነሳ። « ኢትዮጵያ ትቅደም! » እኔማ ዝንብ ነኝ... ድርቅ! ያ ሁሉ እጅ ሲወዛወዝ የእኔ ብቻ ጭኔ ላይ ቀረ።

« አንተ ጓድ! እጅህን ምን ነካው? »

አልማዝ ብድግ ብላ « ጓድ ሊቀመንበር፣ እጁን አሞት ነው! » አለችልኝ።

« ግድ የለም። ጥጥ በአንድ እጅም ይለቀማል። »

ሰርጉ ተላለፈ። አልማዝ እርሻው ድረስ በላከችልኝ ደብዳቤ « ስትመለስ እጅህን እያወዛወዝክ ና። ዝም ብለህ ከቆምክ እኔም አላይህም » አለችኝ። አንብቤ ሳቅኩ፣ ትንሽም አለቀስኩ። በጣም ናፍቃኝ ነበር።

የተመለስን ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማ አየኋት። በአውቶቡሱ መስኮት ሁለቱንም እጆቼን አውጥቼ እንደ እብድ አርገበገብኩ። ለካ ሊቀመንበሩም ዘማች ሊቀበሉ መጥተው ከጎኗ ቆመዋል።

« እሰይ፣ እጅህ ዳነ ማለት ነው! » አሉኝ ፈገግ ብለው። « ለቡና ለቀማው አንድ ሰው ጎድሎን ነበር... »

እንቁራሪት የማይንቀሳቀሰውን አታይም። የእኛ ሊቀመንበር ግን... ሁለቱንም ያያሉ።