ብሉዝ የከለከልኳቸው ጎረቤቴ

"ትዝታ የእኛ ብሉዝ ነው" የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር አይደለም እላለሁ። በምኖርባት የአሜሪካ ከተማ በኮሎምበስ በዚህ ጉዳይ ተከራክሬ ያላበላሸሁት ክርስትና የለም። ትዝታ የሄደውን ይናፍቃል፤ የጥቁር አሜሪካውያኑ ብሉዝ ግን መከራን አጠገቡ አስቀምጦ ያሾፍበታል። ዘመዳሞች ከሆኑም በጋብቻ ነው እንጂ በሥጋ አይደለም ባይ ነኝ። ስለዚህ በ2021 መጀመሪያ፣ ወረርሽኙ ሁላችንንም ቤት ዘግቶብን ሳለ፣ የዙም ውይይት የሚያዘጋጅ አንድ ወጣት ኮል አድርጎ ስለ ብሉዝ ታሪክ እንድናገር ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ። ስናገር መቋረጥ አልወድም፤ ዙም ላይ ደግሞ ሁሉንም ሚዩት አድርጎ ድምፃቸውን መዝጋት ይቻላል።

የምንኖረው ፍራንክሊንተን በሚባል ሰፈር ነው፤ አንድ አሮጌ ቤት ለሁለት ተከፍሎ፣ ግድግዳውንም በረንዳውንም ከጎረቤት የምንጋራበት ዱፕሌክስ ውስጥ። በወዲያኛው ግማሽ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌና ባለቤታቸው ይኖሩ ነበር። የሽማግሌው ወላጆች ከሚሲሲፒ ጥጥ እርሻ ወደ ሰሜን የተሰደዱ ናቸው። እሳቸው ከእራት በፊት ጊታር ይጫወታሉ። እኔ በዚያው ሰዓት ከግድግዳው ወዲህ ስለ ብሉዝ አነብባለሁ፣ የድሮ ቅጂዎችንም አዳምጣለሁ። የጎረቤቴ ጊታር እንዳይረብሸኝ የጆሮ ማዳመጫ አደርግ ነበር። ይህን ስጽፍ ማንም ባያየኝም አፍራለሁ።

በየካቲት ሚስትየዋ በኮቪድ ሞቱ። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልተፈቀደም። እኔና ባለቤቴ እንደ አገራችን ደንብ ምስር ወጥና ሩዝ ይዘን፣ ማስክ አድርገን፣ በረንዳው ላይ ለቅሶ ደረስን። ለቅሶ መድረስ ማለት በእኛ ዘንድ ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እሳቸው ይህን አያውቁም። የምንጠብቀው ነገር ያለ ስለመሰላቸው ደጋግመው ውሃ እንፈልግ እንደሆነ ጠየቁን። አንድ ጊዜማ መኪናችን አልነሳ ብሎ እንደሆነ ጠየቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሙዚቃ አጠፋች። ሐዘንተኛ ያለበት ግድግዳ አጠገብ ዘፈን አይከፈትም። ቢያንስ እስከ አርባው፣ የስልኳ ጥሪ ሳይቀር ዝም አለ። እኔም አጠፋሁ፤ ስለ ዘፈን የሚናገረው ንግግሬ በጸጥታ ይጻፍ ጀመር።

ከቀብሩ ሳምንት አልሞላም፣ ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ወጥተው ጊታራቸውን አነሡ። ያውም ሞቅ ያለ፣ እግር የሚያስመታ ነገር። በየመሀሉ ያቆማሉ፤ ዜማው ያመለጣቸው ይመስላል፤ ፈገግ ብለው እንደገና ይቀጥላሉ። ጠጥተዋል አልኩ። ቀጥሎ የመጣብኝን ሐሳብ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፦ እኛ ለሚስታቸው ብለን ዘፈን ትተን፣ ባልየው ይዘፍናሉ?

ወጣሁ። በጣም በትሕትና፣ በሚያምር እንግሊዝኛ፣ በአገራችን በሐዘን ቤት ክር እንደማይመታ፣ እኛም ለባለቤታቸው ክብር ሬዲዮናችንን እንደዘጋን ነገርኳቸው። ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሰሙት አሜሪካዊ ከጎረቤቱ የሚሰማውን ነው፤ ድምፅ በዛብን የሚል አቤቱታ።

"እንደረበሽኳችሁ አላወቅኩም ነበር፤ ይቅርታ ጎረቤቴ" አሉና ጊታሩን ይዘው ገቡ።

አይ፣ አልረበሹንም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አለመግባባቱ ተመቸኝ፤ የፈለግኩት ሆኗላ። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልተሰማም፤ ጽሑፌም እንደ ልብ ሄደልኝ።

የዙሙ ቀን ንግግሬ አምሮልኝ ነበር። በእርሻው ላይ አንዱ ሲጣራ ሌሎቹ በኅብረት ይመልሱ እንደነበር፤ ባርነት ካከተመ በኋላ ሰው ብቻውን መንገድ ሲወጣ፣ መላሽ ስላጣ ጊታሩን መላሽ እንዳደረገው ተናገርኩ። አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይላል፣ በሦስተኛው ራሱ ይመልሳል አልኩ። ያ ሰው በባቡር ወደ ሰሜን መጣ፤ በከተማ ጫጫታ መሀል እንዲሰማ ጊታሩን ኤሌክትሪክ ላይ ሰካው። ሲፈጥን ሮክ ወጣው፤ ከቤተክርስቲያን መዝሙር ጋር ሲጋባ ሶል። አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር በሬዲዮ ተነሥቶ አዲስ አበባ የምሽት ክበብ ድረስ ገባ፤ የእኛ ባንዶች ሳክስፎናቸውን ቃኙበት። የዛሬ ልጆች በሚሰሙት ራፕ ውስጥ እንኳ ያ ተጣሪ አለ አልኩ።

አንድ ወጣት ሚዩቱን አንሥቶ፣ "ጋሼ፣ ታዲያ ሰው ሲሞትባቸው ይጫወቱታል ወይስ እንደኛ ይተዉታል?" አለኝ።

እኔም ያለ አንዳች ማመንታት፣ ብሉዝ ለዚያው የተሠራ ነው አልኩ። ሐዘን ሰውየውን እንዳይውጠው የሚነገር ነገር ነው፤ ያንን መከልከል መድኃኒት መንጠቅ ነው አልኩ። ኮሜንቱ ላይ የልብ ምልክት ዘነበልኝ።

ላፕቶፑን ስዘጋ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ሰውዬውን ዝም አሰኝተህ ስለ ሙዚቃቸው ታስተምራለህ?" አለችኝ።

ዘፈን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ አልኳት። እኔ ያጠፋሁት የራሴን ነው አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "እናትህ የሞቱ ጊዜ አስለቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ዝም በይ ያላት ሰው ነበር?" አለች። መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ኖሮኝ ይህቺ አንዲት ነገር ትዝ አላለችኝም።

በነጋታው አንኳኳሁ። አለመረበሼን፣ ሞኝነቴን፣ ሙሾንም ሳይቀር አስረዳሁ፤ ስለ ሙሾ ከሚገባው በላይ ሳላስረዳ አልቀረሁም። ጎረቤቴ በትዕግሥት ሰሙኝ። ምንም አይደለም አሉ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ እሳቸው ሲጫወቱ ከኩሽና እያንጎራጎሩ ይመልሱላቸው እንደነበር፣ ያን ቀን በየመሀሉ ያቆሙት ለሚስታቸው መልስ ቦታ ሲተዉ እንደሆነ ነገሩኝ። እንዲጫወቱ ለመንኳቸው። ሳቅ ብለው፣ ግድግዳው ስስ መሆኑን ከዚያ በፊት አስበውት እንደማያውቁ፣ አሁን ግን ጊታሩን ባነሡ ቁጥር እንደሚታሰባቸው ነገሩኝ። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚወራ ዓይነት ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በበጋው ልጃቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር በሚባል ቦታ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ሰፊ ግቢ ነው፤ ጎረቤት ሩቅ ነው። በ2022 የአገራችን ሱቆች ካሉበት ከሞርስ ሮድ ሳምቡሳ ገዝቼ አልፎ አልፎ እጠይቃቸው ጀመር። የመጀመሪያ ጊዜ መኪናዬን ሳቆም ከጓሮ ጊታር ሰማሁ፤ እያቆመ የሚቀጥል። እፎይ ብዬ፣ እንባም መጥቶብኝ፣ በቤቱ ጎን ዞሬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ገና ሲያዩኝ ብድግ ብለው ጊታሩን ከወንበራቸው ጀርባ አስደገፉት፣ እጃቸውንም ዘረጉልኝ።

ይቀጥሉ አልኳቸው።

"እንግዳ መጥቶብኝ?" አሉ፣ በፍጹም ደግነት።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እንዲሁ ነው። ልጃቸው ኩሽና ስትንጎዳጎድ ይጫወታሉ፤ ፖስተኛው ሲመጣ ይጫወታሉ፤ እኔን ሲያዩ ያስቀምጣሉ። ስለ ቤዝቦል እናወራለን፣ እኔ የማልወደውን። ሳምቡሳውን ይወዱታል። እኔም አሁን አሁን ብዙ አልቀመጥም፤ ሥራ አለብኝ ብዬ በጊዜ እነሣለሁ፣ መሄዴን አውቀው ጊታሩን እንዲያነሡም መኪናውን መንገዱ ጥግ ድረስ ሳላቆም እነዳለሁ።