ጣት በሚያህል አርበኛ ላይ የጨፈንኩት ዓይን

በጎጃም ምድር ከእኔ በላይ ጦር ያዘዘ ሰው የለም። ፈረሰኛ አለኝ፣ እግረኛ አለኝ፣ መድፍ ጎታች በቅሎ አለኝ። ባንዲራ ያዡ ብቻ አንድ መደርደሪያ ይሞላል። ይህን ሁሉ ሠራዊት አንድ ቀን የጎረቤት ድመት በጅራቷ ጠርጋ መሬት ላይ አፈሰሰችው። ከመካከላቸው ትልቁ ጀግና ቁመቱ የመሃል ጣቴን አያህልም። ሥራዬ የጥንት ወታደሮችን አሳንሶ መቅረጽ፣ ቀለም መቀባትና የሚቆሙበትን መሬት ማበጀት ነው።

ደብረ ማርቆስ ጋሽ ይኄይስ ሱቅ ለሥራ የገባሁ ዕለት ደረቴን ነፍቼ ነበር። ከዚያ በፊት የፀጉር ቤትና የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ነበር የምሥለው።

«ጋሼ፣ ግድግዳ የሚያህል በሬ ሥዬ፣ የሰው ላም ገመዷን በጥሳ መጥታ ስትልሰው ዋለች» አልኳቸው።

ጋሽ ይኄይስ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከመምህር እግር ሥር የተማሩ ሰው ናቸው። ጉራ ሲሰሙ ጢማቸውን ያሻሉ። አሹና፣ የጠርሙስ ክዳን ላይ የተጣበቀ አንድ ወታደር ሰጡኝ። «ቀበቶውን ብቻ ቀባልኝ» አሉ።

ቀባሁት። አጉሊ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይኸ ሰው ቀበቶ ታጠቀ ወይስ ቀበቶ ዋጠው?»

በእኛ ሥራ ማዕረግ አለ። መጀመሪያ መሬት፣ ከዚያ ልብስ፣ ከዚያ ፈረስ፣ በመጨረሻ ፊት። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመሬት ሹም ሆንኩ። ቁራጭ እንጨት ላይ ፎም ፈርፍሬ ኮረብታ አበጃለሁ፣ ኮላ ቀብቼ የተነፋ አሸዋ እነሰንስበታለሁ። የተጠጣ ሻይ ቅጠል ሲደርቅ የረገፈ ቅጠል ይሆናል፤ የመጥረጊያ ጭራሮ ሣር ይሆናል።

ጋሽ ይኄይስ ግን በቀላሉ አይረኩም።

«የት ነው ይኸ?»

«መሬት ነዋ ጋሼ።»

«የትኛው መሬት? የቁይ ነው የአማኑኤል? ሰውየው የቆመበትን ካላወቀ ለምኑ ይዋጋል?»

ስለዚህ ለአንድ ማንኪያ አፈር ብዬ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቁይ ድረስ ሄጃለሁ። ረዳቱ ወርቅ ያገኘሁ መስሎት ጆንያዬን ሲጠብቅልኝ መጣ።

ፊት የሚሠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ በቡናማ ቀለም የዓይኑን መስመር ያሰምራሉ። በነጭ ይሞሉታል። ከዚያ ትንፋሻቸውን ውጠው በብሩሹ ጫፍ ብሌኑን ጠብ ያደርጋሉ። ያኔ ሱቅ ውስጥ ያለች ዝንብ እንኳ ክንፏን ታጥፍ ነበር። ብሌኑ ሲገባ ያ የሽቦና የመቅረጫ ሊጥ ቁራጭ ዞር ብሎ ያየኛል። እውነቴን ነው፤ ስንቴ እጅ ነሥቻለሁ።

ከመሬት አልፌ ልብስና ፈረስ ከደረስኩ በኋላ፣ አንድ ቀን እማሆይ አመለወርቅ የሚባሉ ዘጠናን ያለፉ መነኩሲት ከደብረ ኤልያስ መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነገራቸውን ጀመሩ።

«አባቴ በጠላት ዘመን አርበኛ ነበር። ፎቶግራፍ የለውም። መልኩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አለቀ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔንም መልኩ እየሸሸኝ ነው። ሳልሞት አንዴ ልየው።»

ጋሽ ይኄይስ ቀስ እያሉ ጠየቋቸው። ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወደቀ፣ ዝናሩን የታጠቀ፣ ምንሽር ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ፊቱስ? «አመጣሁት ስል ይጠፋኛል» አሉ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ይኄይስ ወደ እኔ ዞሩ። «የዚህን ፊት አንተ ሥራው» አሉኝ። ያን ቀን ከኩራቴ ብዛት ከተማው ጠበበኝ።

አርበኛውን የደብረ ኤልያስ አፈር ላይ፣ ከድንጋይ ጀርባ አንበረከክሁት። ምንሽሩን አስደገፍኩት። ሲያነጣጥር ነውና ግራ ዓይኑን ጨፈንኩት። ሽፋሽፍቱን የሚቆጥር ሰው ቢመጣ ቆጥሮ ይረካ ነበር።

እማሆይ በቀጠሮው መጡ። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ አዩት። እኔ ምርቃቱን እጠብቃለሁ።

«ይኸ አንድ ዓይና ማነው?»

«አባትዎ ናቸው እማሆይ።»

«በስመ አብ! አባቴ ምን በድሎህ ነው ከሰቃዮቹ ጋር ያቆምከው?»

ያኔ ገባኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁለት ዓይን ሆነው ፊት ለፊት ያያሉ። ጌታን የሚገርፉትና የሚሰቅሉት ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። እማሆይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጉን ከክፉው በዚያ ሲለዩ ኖረዋል። እኔም ያን ግድግዳ እያየሁ ነው ያደግሁት።

«ተኳሽ እኮ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል እማሆይ» አልኩ፣ እንዳልሸነፍ።

«እስኪ ጨፍነህ አሳየኝ።»

ማስመሪያውን እንደ ምንሽር ይዤ ተንበረከክሁ። ግራ ዓይኔን ስጨፍን ቀኙ ተከትሎ ተዘጋ። ደገምኩ። አፌ ወደ ጆሮዬ ሄደ እንጂ ዓይኔ እንቢ አለ።

«ተኝቶ ነው እንዴ የሚተኩስ?» አሉ ጋሽ ይኄይስ።

እማሆይ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እኔም አልችልም ነበር» አሉ። «ከበረሃ ብቅ ሲል በሸንበቆ ዒላማ ያለማምደኝ ነበር። አንዱን ስጨፍን ሁለቱም ይከደኑብኛል። ‹ተይው የኔ ልጅ፣ ሁለቱንም ግለጪ› ይለኝና እሱም ሁለቱን ገልጦ ከጎኔ ይንበረከካል። እንዲህ አድርጎ...»

ቅንድባቸውን ሽቅብ ሰቀሉ፣ የታች ከንፈራቸውን ነከሱ። በዚያ የተጨማደደ ፊት ላይ አንድ ጎልማሳ ሲያነጣጥር አየሁ።

«እንዳይንቀሳቀሱ እማሆይ!» አሉ ጋሽ ይኄይስ። ቀለሙን ፋቁ፣ በመርፌ ጫፍ ሊጥ ጨምረው ቅንድቡን አነሱ፣ ከንፈሩን አስነከሱ፣ የፊቱን መደብ ቀለም ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ አደረቁ። ከዚያ ብሩሹን ለእኔ ሰጡኝ።

«ዓይኑን አንተው ግለጠው፤ የጨፈንከው አንተ ነህ።»

«ከንፈሬን ልልቀቀው?» አሉ እማሆይ በጥርሳቸው መሃል።

«ጥቂት ይታገሡ።»

ትንፋሼን ውጬ ሁለቱን ብሌን ጠብ ጠብ አደረግሁ።

እማሆይ ከእጄ ተቀበሉት። አጉሊ መነጽሩንም አልፈለጉም።

«የት ቆየህ አባዬ?» አሉት።

በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አድርገውት ሄዱ። ጋሽ ይኄይስ በሩ ላይ ቆመው ሸኟቸው፤ ሲመለሱ ጢማቸውን አላሹም። «መሬቱ ጥሩ ነበር» አሉኝ። እኔን ሲያመሰግኑ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለጀማሪ የምለው አንድ ነው፦ በወታደር ፊት ላይ የምታደርገውን መጀመሪያ በራስህ ፊት ሞክረው።

እኔ እስከ ዛሬ አንድ ዓይኔን ብቻ መጨፈን አልችልም። የሚያነጣጥር ወታደር ታዝዤ አንዱን ዓይን ጨፍን የተባልኩ እንደሆነ ጎረቤቴን አናጺውን እጠራለሁ። እሱ ይጨፍናል፣ እኔ እሥላለሁ።