ባለቤቱ የለም

እኅቴ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች አንድ መምህሯ መረረው። ተማሪው ሁሉ የቤት ሥራውን ኤአይ ለሚባለው ማሽን እየሰጠ፣ አንድ ስሕተት የሌለበት ወረቀት ያስረክበው ነበር። ስለዚህ ዘዴ ዘየደ። አንድ የእጅ ባለሙያ ፈልጉ፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ፣ በእጃችሁና በአማርኛ ጻፉ፤ የሰውየውን ስልክ ከሥር አድርጉ፣ ደውዬ አጣራለሁ አላቸው።

ዘዴውን ስሰማ ወደድኩት። እኔ ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ግጥም በራሴ የተማርኩ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ቀን እንኳ እኛን ሊጠይቅ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እኅቴ ሩቅ አልሄደችም። አባታችን ምናለሽ ተራ፣ የውዳቂ ብረት ገበያው ውስጥ፣ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራል። በርሜሉን ከመቁረጡ በፊት በመዶሻ መታ አድርጎ ጆሮውን እንደሚያስጠጋ፣ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውስጡን ዝገት በልቶታል ብሎ እንደሚተወው ጻፈች። ስታነብልኝ ቀናሁባት። ያንን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼ አንድ ስንኝ አላወጣሁለትም።

ዜሮ አገኘች። ያ ስለ ድምፁ የጻፈችው ቦታ ላይ በቀይ "ይህ የማሽን ነው" ተብሎበታል። ኮርሱን ልትወድቅ ነው።

ከግቢ በቀጥታ አባቴ መሥሪያ ቦታ መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ዐይኗ ቀልቷል።

"አባዬ፣ መምህራችን ደውሎልህ ነበር?"

"አንድ ሰው መምህር ነኝ ብሎ ደውሎ ነበር። ዕቃ ከየት ታመጣለህ፣ በቀን ስንት ትሠራለህ ይላል።"

"ምን አልከው?"

"ዘበኛ ነኝ፣ ባለቤቱ የለም አልኩት።"

"እውነቱን አትነግረውም?"

"ለማላውቀው ሰው?"

አጠገባችን የሚሠራው ቀጥቃጭ ሳቀ። "አባትሽ ልክ ነው። ባለፈው አንዷ ተማሪ መጥታ ስትጨቀጭቀኝ፣ ምድጃው ተሠርቶ ከቻይና ነው የሚመጣው፣ እኔ እግር ብቻ ነው የምገጥምለት አልኳት። በኋላ መምህሯም ደወለ፤ ያንኑ ነገርኩት።"

እኅቴ አፍጥጣ አየችው። ልጅቷን ታውቃታለች፤ አንድ ክፍል ናቸው። ከክፍሉ ከፍተኛውን ያገኘችው እሷ ናት።

እኛ ሰፈር ብዕር ይዞ የሚጠይቅ ሰው ወይ ከግብር ነው፣ ወይ ደንብ አስከባሪ ነው፣ ወይ ቦታውን ሊያፈርስ የሚለካ ነው። ይህን ለመምህሩ ማን ይንገረው? ማሽኑን ሸሽቶ እውነት ፍለጋ የመጣው፣ ለጠያቂ እውነት የማይነገርበት ቦታ ነው።

አባቴን መምህሩ ዘንድ እንዲሄድ ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰኞ ጠዋት ሥራውን ዘግቶ ከሁለታችን ጋር ቢሮው ሄደ። መምህሩ የእኔ እኩያ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልጣላው ነበር የሄድኩት፤ ነገር ግን ተነሥቶ ለአባቴ ወንበሩን ለቀቀ።

"አባቴ፣ ታዲያ ለምን ዋሹኝ?" አለ ነገሩን ከነገርነው በኋላ።

"ልጄ፣ አንተ ማን እንደሆንክ በምን ዐውቃለሁ?"

መምህሩ ግንባሩን አሸ። "ድሮ ጥሩ ጽሑፍ ሳገኝ ለጓደኞቼ አነብ ነበር። አሁን ጥሩ ነገር ሳይ ነው የምጠረጥረው። አምኜዎታለሁ። ግን ውጤት ስቀይር ማስረጃ ይጠይቁኛል። የምድጃ መሥሪያው ባለቤት ነኝ፣ የተጻፈውም የእኔ ሥራ ነው ብለው ይፈርሙልኝ።"

ጣልቃ ገባሁ። "ከቻይና ይመጣል ያለውም ፈርሟል?"

"ከቻይና ያለው? እሱም ዋሽቶኛል እንዴ?"

እኅቴ እግሬን ረገጠችው። ብናገር ያቺ ልጅ ትወድቃለች፤ ልጅቷ ደግሞ የነገሯትን ነው የጻፈችው። "ምንም አይደለም" አልኩት።

አባቴ ሊፈርምበት የተሰጠውን ወረቀት ሁለቴ አነበበ። "ይህ ከዚህ ቢሮ ይወጣል?"

"አይወጣም።"

"አንተ ሥራ ብትለቅስ?"

መምህሩ ብዕሩን አቀበለው። አባቴ እኅቴን አያት። እሷ ወለሉን ታያለች። ሃያ ምናምን ዓመት ስሙን ከዚያ መሥሪያ ቦታ ጋር ላለማስጻፍ የተጠነቀቀ ሰው፣ ብዕሩን እንደ መዶሻ ጨብጦ ፈረመ። መምህሩ እፊታችን ዜሮውን ሰርዞ ማለፊያ ሰጣት። ማለፊያ ብቻ፤ ለምን ከዚያ በላይ እንዳልሆነ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ከታክሲ ወርደን ወደ ምናለሽ ተራ ስንገባ ቀጥቃጩ ከሩቅ ጮኸ።

"እህ፣ እንዴት ሆነ? አስፈረሙህ እንዴ?"

"ምን ያስፈርሙኛል!" አለ አባቴ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ። "በቃል ጨረስነው።"

እኅቴ አየችኝ። እኔ በሩን ልከፍት ቁልፉን ከአባቴ እጅ ተቀበልኩ።