ጡቡን የገለበጡ ጣቶች

ግንበኛው መጀመሪያ ከመንገድ ዳሩ አሮጌ ግንብ የላላውን ኖራ ፍቆ ያወጣል። ቀጥሎ የወለቀውን ጡብ ውሃ ያጠጣዋል፤ ደረቅ ጡብ አዲሱን ኖራ መጥጦ ያደርቀዋልና። ከዚያ እያገላበጠ ያየውና በአውራ ጣቱ ያብሰዋል። ጎኑ ላይ የትንንሽ ጣቶች አሻራ ከጡቡ ጋር በእሳት ተጠብሶ ቀርቷል፤ በባርነት ዘመን ጭቃው ሳይደርቅ የገለበጠው የባሪያ ልጅ አሻራ ነው። በአሜሪካ የቻርለስተን ከተማ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል።

የቤቱ ባለቤት ሚስ ሃርየት ከኋላው ቆማለች። የዱቫሌት ቤተሰብ ሰባተኛ ትውልድ ናት፤ ነገ ጎብኚዎች ይመጡባታል።

«ጣት ያለበትን ወደ ውስጥ አዙረው።»

«አባትዎም አባቴን እንዲሁ አሉት፣ እሜቴ።»

«እና አዞረው?»

«አዞረው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ አልፎ አያውቅም።»

«ግንበኛ የጠፋ መሰለህ?»

«ሞልቷል፤ ይጥሩ።»

አሻራውን ወደ ውጭ አድርጎ ጡቡን አስቀመጠና በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገው።

የሚስ ሃርየት ዓይን የመሣሪያ ከረጢቱ ላይ አረፈ። በቀይ ክር የአባቱ የቤተሰብ ስም ተጠልፎበታል፤ እሱም ዱቫሌት ይላል፤ ባሪያዎቹ የጌቶቻቸውን ስም ይዘው ቀርተዋልና።

«ይሁን፤» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያን ከረጢት ግን ነገ እዚህ እንዳላየው።»

እሱ ግን በመንገዱ ወደሚያልፉት ዞር አለ።

«እናንተ፣ አደራ፣ ኖራው እስኪጠነክር እንዳትደገፉት። ከጠነከረ በኋላ ግን ልጆቻችሁን አምጡና ጣታቸውን ይለኩበት።»