የቨርሊን ሃስኬት ዐሥራ አራት ኢንች

በእኛ መንደር በባርክሌት ሰው ስለ በረዶ ማውራት ሲጀምር ቨርሊን ሃስኬት አጠገብ ካለ ወሬው ዕድሜ የለውም። ከኦንታሪዮ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ለምንኖር ሰዎች ከበረዶ በቀር የምንኮራበት ነገር አልቀረልንም። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ሌላ መንደር ሄዷል፤ በረዶው ብቻ በየዓመቱ ሳይቀር ይመጣል። ያችን አንዲት ኩራታችንን ደግሞ ቨርሊን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በማስመሪያ ሲሸራርፋት ኖረ።

ሥራው ይህ ነው። ጓሮው ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባች ጣውላ አለችው። በረዶ መጣል ሲጀምር በየስድስት ሰዓቱ ወጥቶ ጣውላዋ ላይ የተጠራቀመውን ይለካል፤ ከጻፈ በኋላ ይጠርጋታል፤ ድምሩን ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በስልክ ይናገራል። ስድስቱ ሰዓት ሳይሞላ መጥረግ ክልክል ነው፤ ቶሎ ቶሎ የጠረገ ሰው በረዶው በራሱ ክብደት ሳይጠቀጠቅ ስለሚለካው ቁጥሩ ያብጥለታል። ነፋስ የከመረውም አይቆጠርም። “እሱ ነፋስ ነው እንጂ በረዶ አይደለም” ይላል ቨርሊን። ለዚህ ሁሉ ልፋት የሚከፍለው የለም። ሰውን በማሳፈር የሚያገኘው ደስታ ይበቃዋል ብዬ አስብ ነበር።

እኔ የመንደሩን በረዶ ጠራጊ መኪና ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። አንድ ጊዜ መኪናዋ እስከ ጣሪያዋ ተቀብራ በመስኮት ወጥቼ ነው የዳንኩት። በእሳት አደጋ ጣቢያው የእሑድ የፓንኬክ ቁርስ ላይ ይህንን ለእንግዶች ስተርክ፣ ቨርሊን ከሳህኑ ቀና እንኳ ሳይል፣

“ሃያ ሁለት ኢንች” አለ።

“በመስኮት ነው የወጣሁት እኮ!”

“በሩ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ኤምሪ።”

እንግዶቹ ሳቁ። ያን ቀን ያንን ማስመሪያ በጉልበቴ ለሁለት ብሰብረው ደስ ባለኝ።

ላም አርቢው ዶልፍ ሼፈርም አልቀረለትም። “የበረቴን ጣሪያ ያወረደው አራት ጫማ በረዶ ነው” ባለ ቁጥር፣ “ሠላሳ ሦስት ኢንች፤ ጣሪያውም ያረጀ ነበር” የሚል መልስ ያገኛል።

ማንም የማይነካው አንድ ውሽንፍር ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱ የቨርሊን ነው። በእሳት አደጋ ጣቢያው ደጃፍ ረጅም ምሰሶ ቆሟል። ትልልቆቹ ውሽንፍሮች የደረሱበት ከፍታ በቀይ ቀለም ተሰምሮ ስማቸው ተጽፎበታል። ከሁሉም በላይ፣ ኀምሳ አንደኛው ኢንች ላይ፣ የሐሙሱ ውሽንፍር አለ። የዛሬ አርባ አራት ዓመት ነው። ቨርሊን ገና ማስመሪያ ያልያዘ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዛሬ ሚስቱ የሆነችው የኦርፋ አባት ልባቸውን ታመው መድኃኒታቸው አለቀ። ቨርሊን ከመድኃኒት ቤቱ ተቀብሎ፣ ሁለት ማይል በረዶውን በደረቱ እየቀደደ አደረሰላቸው። በስድስተኛው ወር ኦርፋን አገባ። ምሰሶው ሲቆም ደረቱን በጣቱ ነክቶ “እስከዚህ” አለ፤ የመንደሩ ሰውም ከእግሩ እስከ ጣቱ ለክቶ አሰመረ።

ባለፈው መስከረም የምሰሶው ቀለም ስለለቀቀ እንዲታደስ ተወሰነና፣ ቁጥሮቹን አጣርቶ እንደገና እንዲያሰምር ለቨርሊን ተሰጠው። ደስ እያለው ገባበት። የዶልፍ በረት መስመር ምሰሶው ላይ ዝቅ አለ፤ የእኔ መኪናም ወረደች። ዶልፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሣው።

በዚህ መሐል አንድ ሣጥን መጣ። ከቨርሊን በፊት በረዶውን ትለካ የነበረችው የፖስታ ቤቷ ቲርዛ ኮይል ነበረች፤ ከሞተች ቆይታለች። የእኅቷ ልጅ ምሰሶው እንደሚታደስ ሰምታ፣ ቆጥ ላይ ተረስቶ የኖረውን የአክስቷን መዝገብ ላከችለት። ቀለሙ ሊቀባ ሦስት ቀን ሲቀረው ቨርሊን “እስቲ ብቅ በል” ብሎ ደወለልኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

የቲርዛ እጅ ጽሑፍ ነው፦ “ሐሙስ። ዐሥራ አራት ኢንች። ነፋሱ ኃይለኛ።”

አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳይ ግን ዐመድ መስሏል።

“ተሳስታ ይሆናል” አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

“ቲርዛ? የቲርዛ ውሻ እንኳ ሰዓት ጠብቆ ነበር የሚጮኸው።”

“ታዲያ ደረትህ ድረስ የነበረውስ?”

“የተከመረ ነዋ። ነፋስ!” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አርባ አራት ዓመት ነፋስ ሳወራ ኖርኩ።”

“ምድጃ ውስጥ ክተተውና ተገላገል። እኔ ምንም አላየሁም።”

“ኦርፋ ያገባችኝ ለዚህ ነው እኮ፣ ኤምሪ። ሌላ ምን ነበረኝ? ቅዳሜ ዐሥራ አራት ላይ ካሰመርኩ እሷን ምን ልላት ነው? ካላሰመርኩ ደግሞ የሰውን ሁሉ ቁጥር ሳወርድ ኖሬ...” አልጨረሰውም።

“ምን ልትለኝ ነው?” አለች ኦርፋ። በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ቨርሊን ክው አለ። ወረቀቱን ሰጣት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችና መለሰችለት።

“ትክክል ነው” አለች።

“እንዴት ነው ትክክል የሚሆነው?”

“በመስኮት ሳይህ ነበራ። ነፋሱ መንገዱን ጠራርጎት አስፋልቱ ይታያል። አንተ ዳር ዳሩን ቦዩ ውስጥ ነበርክ። ዐሥር እርምጃ ወደ ግራ ብትል እኮ በደረቅ ጫማ ትመጣ ነበር።”

“አይታየኝም ነበር! ዓይኔን እኮ...”

“አውቃለሁ። እማዬን ጠርቻት አብረን አየንህ። ‘ይኼ ልጅ ምን ነክቶታል?’ አለች። ወጣልን ስንል ተመልሰህ ትገባለህ።”

“ታዲያ አትጮሂልኝም?”

“ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ነቃ። ነፋሱ መለሰው።” ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ጠርሙሱን እንዳይቀዘቅዝ ብለህ ሸሚዝህ ውስጥ ይዘኸው፣ ስትደርስ ሞቆ ነበር። እጅህ ግን ደንዝዞ አልዘረጋ ብሎህ፣ ጣቶችህን አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ነው የወሰንኩት። ስለ በረዶው ማን ጠየቀህ?”

“አርባ አራት ዓመት ዝም አልሽኝ?”

“ስታወራው ደስ ይልህ ነበራ። ሰው ባሳፈርክ ቁጥር ምላሴን ይበላኝ ነበር። ግን አንዲት ማጋነን ብትኖረው ምን አለበት እላለሁ።”

ቨርሊን ወረቀቱን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። አሳዘነኝ፤ ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ መንደሩ ተሰበሰበ። ዶልፍ ለመናደድ እንዲመቸው ነው መሰል ወንበር ይዞ መጣ። ቨርሊን ብሩሽና ማስመሪያውን ይዞ ምሰሶው ሥር ተንበረከከ።

“ምን ወደቀብህ?” አለ ዶልፍ።

“የሐሙሱ ውሽንፍር።” ዐሥራ አራተኛው ኢንች ላይ አሰመረ። ከዚያ ወደ እኛ ሳይዞር፣ “መንገዱ ደረቅ ነበር። እኔ ቦይ ውስጥ ነበርኩ” አለ።

ዶልፍ መሳቅ ጀመረ፤ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ። ቨርሊን ሊነሣ ቢሞክር ጉልበቱ እምቢ አለው። ዶልፍ ሄዶ ብብቱ ሥር ገባና ብድግ አደረገው።

“ተነሥ እንግዲህ፣ አንተ የቦይ አርበኛ!”

ይህ ከሆነ አራት ወሩ ነው። ባለፈው እሑድ ፓንኬክ ላይ ዶልፍ ቨርሊንን አጠገቡ አስቀምጦ ለአንድ እንግዳ ሲተርክ ሰማሁት። “ቦዩ ስምንት ጫማ ጥልቀት ነበረው” ይላል። “ይኼ ሰውዬ ሁለት ማይል ሲሄድ ከላይ የሚታየው ባርኔጣው ብቻ ነበር።” ያንን ቦይ ሃያ ስድስት ዓመት በዳሩ ነድቻለሁ፤ ከጉልበቴ አያልፍም።

ሁላችንም ወደ ቨርሊን ዞርን። ሹካውን አስቀመጠ። አፉን ከፈተ። ኦርፋ ዞር ብላ አየችው።

“ባርኔጣ አላደረግኩም ነበር” አለና ፓንኬኩን መብላት ቀጠለ።